በጳጉሜን ዝም ያለው ማሽን

ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ማውራት ስለማይሆንልኝ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ አጻጻፌ ቢያስቸግራችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ እዚሁ ጎንደር ነው። አራዳ ውስጥ ባለ የመድኃኒት መጋዘን በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። እናቴ ማክሰኝት ናት፤ እኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። ሰው ፊት መናገር አልችልም ስል ትንሽ አፍራለሁ ማለቴ አይደለም። ስጠራ ጉሮሮዬ ይዘጋል። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ትርንጎ አቤት የምትለው በዓይኗ ነው» ትል ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ለመጋዘናችን ከአዲስ አበባ ኮምፒውተር መጣለት። ለከተማው ብርቅ ነበር። የትኛው መድኃኒት ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሄደ ይመዘግባል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያትማል። የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ታፈረ እንግዳ በመጣ ቁጥር የታተመውን ወረቀት ከፍ አድርገው «ፈረንጅ የሠራው ማሽን ነው፤ ቀኑ ግን የእኛ ነው» ይሉ ነበር። ክፍሉን እንዳጸዳ የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ነበር የምገባው።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ ሥራ ከመውጫዬ በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። በማግስቱ ጳጉሜን ገባ። ጠዋት የመዝገብ ክፍሉ ሰው ማሽኑን ቢያበራው የሚያቀዘቅዘው ነፋሻ ጮኸ፣ አረንጓዴ መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ። አጠፋው፣ አበራው። ያው ነው።

የአብዮት በዓል ቀርቦ ነበር። የበላይ አካላት ከበዓሉ በፊት መጥተው ማሽኑን ያያሉ ተብሎ ግድግዳው ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። ስለዚህ ከሰዓት በፊት የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ ግርማ አስጠራኝ። ጓድ ታፈረ ከጎኑ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ትናንት ወለሉን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በውሃ?»

ነቀነቅሁ።

«ማሽኑን ነክተሻል?»

«አልነካሁም» ልል ነበር። ቃሉ ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ራሴን መነቅነቅ እንኳ ተሳነኝ።

«አፍ የለሽም? ማን ላከሽ?»



ወደ ጓድ ታፈረ ዞረ። «አዩዋት? ጥፋት የሌለበት ሰው እንዲህ ይዘጋል? አሻጥር ማለት ይሄ ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የኛ ሰፈር አንድ ሾፌር በዚህ ቃል ተወስዶ ሚስቱ ስንቅ ለማመላለስ እንኳ ያለበትን አላወቀችም ነበር። ጓድ ግርማ ጉዳዩ እስኪጣራ ከግቢ እንዳልወጣ አዘዘ። ቀኑን በግቢው እየዞርኩ እንድውል፣ ማታ ከጥበቃው ጎጆ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት እንዳድር። ማሽኑ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ካልተነሳ ወደ ደህንነት እተላለፋለሁ።

ዘበኛችን አያ ዋሴ የወገራ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን አላረጀም። አክስቴ ያመጣችልኝን ምሳ አጠገቤ አስቀምጠው ቆሙብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው አትናገሪም?»

«ምን ልበል አያ?»

«አልነካሁም በያ! ሸጋ ቃል ነው፣ አፍ አያቃጥል!»

«እንቢ አለኝ።»

«ለእኔስ ይኸው እየተናገርሽ አይደል?»

«እርስዎን አልፈራም።»

«ጠመንጃ የያዝኩት እኔ፣ የምትፈሪው እስክሪብቶ የያዘውን» አሉና እየሳቁ ሄዱ። እኔ ግን ምሳውን አልነካሁትም። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በተከፈተው መስኮት የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ይታየኛል። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

በማግስቱ በጠዋቱ አውሮፕላን አንድ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ። ኤፍሬም ይባላል። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት። ትልቅ ቦርሳ በትከሻው፣ ስክሪንና የፊደል ገበታ ያላት አንዲት ተርሚናል በእቅፉ ይዟል። ሠራተኛው በሙሉ ለሰልፍ ልምምድ ወደ አደባባይ ወጥቷል። ጓድ ታፈረ ክፍሉን ከፍተውለት እሳቸውም ሠራተኛውን ተከትለው ሄዱ። ግቢው ውስጥ የቀረነው አያ ዋሴ፣ እሱና እኔ ነን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በር ላይ ብቅ አለ። «እህቴ፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ታነቢያለሽ?»

ነቀነቅሁ።

«ጎሽ። ግን ራስ መነቅነቅ በግድግዳ አያልፍም። በድምፅ የሚያነብልኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

አያ ዋሴ ከበሩ ሆነው «እሷ የታሰረች ናት እኮ ጌታዬ፣ በእሷው ጥፋት ነው የመጡት» አሉት።

ኤፍሬም አየኝ። ምን እንዳሰበ አላውቅም። «እንግዲያው ከማንም የበለጠ እንዲነሳ የምትፈልገው እሷ ናት» አለ።

ነገሩን እየሠራ አስረዳኝ። ማሽኑ ሲነቃ መጀመሪያ የሚነሳው ከርነል የሚባለው የፕሮግራሙ እምብርት ነው። ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው፣ ስክሪኑንም የሚያበራው እሱ ነው።

«እሱ ገና ሳይነሳ ከወደቀ ስክሪኑ ምን እንደጣለው ሊነግረን አይችልም፣ ገባሽ? ታሟል፣ ግን የሚናገርበት አፍ አልተከፈተለትም። ስለዚህ በጀርባው በኩል ሌላ ሽቦ ዘርግተን በዚያ እንጠይቀዋለን።»

ያልተጠቀሙበት የስልክ ሽቦ ከመጋዘኑ አመጣሁለት። ሦስት ክር መዘዘ፤ አንዱ ማሽኑ የሚናገርበት፣ አንዱ የሚሰማበት፣ አንዱ ሁለቱን የሚያያይዝ መሬት ነው አለኝ። ጫፎቹን በየደና በመስኮት አሻግሮ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ወሰደው፤ የማሽኑ ክፍል ለተርሚናሏ የሚሆን ሌላ ሶኬት አልነበረውም። እኔ ተርሚናሏ ፊት እቀመጣለሁ፤ እሱ ማሽኑ ጋ ሆኖ አንዲት ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ከርነሉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ እኔ የወጣውን አነባለሁ።

«ዝግጁ?» ብሎ ከግድግዳው ወዲያ ጮኸ።

ስክሪኗ ላይ የመጣው ግን ፊደልም ቁጥርም አልነበረም። የተሰባበረ፣ የተጠማዘዘ ምልክት ከላይ እስከታች ሞላት።

«ምን ይላል?»

ድምፄ አልወጣ አለ። ተነስቼ እሱ ያለበት በር ድረስ ሄድኩና «ክታብ ይመስላል» አልኩት፣ ለራሴ በሚመስል ድምፅ።

ሳቀ። መጥቶ አየና ከተርሚናሏ ጀርባ አንድ ነገር ቀየረ። «ይሄኛው ችኩል ነው፣ ያኛው ዝግ ያለ። ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ካልተነጋገሩ እውነቱ እንኳ ቢነገር ክታብ ነው የሚሆነው።»

በሁለተኛው ሙከራ መስመሮቹ ጥርት ብለው ወጡ። ማንበብ ጀመርኩ።

«አልሰማም!»

ጨመርኩ።

«አሁንም አልሰማም!»

ዓይኔን ጨፍኜ ጮህኩ። «ዜሮ! አራት! ኤ! ሰባት!» የገዛ ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መጥቶ አስደነገጠኝ። ከውጭ አያ ዋሴ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ልጅቱ ድምፅ አላት ለካ! ማርያምን፣ ይቺስ ማክሰኝት ሆና አይከል ድረስ ትጣራለች!» ሲሉ ሰማሁ።

የዚያን ዕለት ከርነሉ የት ድረስ እንደሚሄድ ብቻ ስናውቅ መሸ። ማኅደረ ትውስታውን ይቆጥራል፣ ዲስኩን ያገኛል፣ ከዚያ ጸጥ። ኤፍሬም ውሃ ነክቶት ቢሆን ዲስኩን አያገኝም ነበር አለኝ። ያን ሲለኝ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የተነሳልኝ መሰለኝ፤ ግን ለጓድ ግርማ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ ለማለት ድፍረት አጣሁ። «ንገርልኝ» የሚለውን ቃል ይዤ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ስገላበጥ አደርኩ።

በነጋታው ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ዝናቡ ገና በጠዋቱ ወረደ፤ የሰፈሩ ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው መንገዱ ላይ እየዘለሉ ጠበል ነው ይላሉ። እኛ ሥራችንን ቀጠልን። አሁን ዲስኩን ካለፈ በኋላ ያለውን ነው የምንመረምረው። እሱ ይጫናል፣ እኔ እጮኻለሁ። እያንዳንዱን እርምጃ ከራሱ ወረቀት ጋር ያመሳክራል። እንግዶቹ የሚመጡት በማግስቱ ነው ተብሏል። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ወለሉን ይመታል።

«ቀጥሎ?»

«ሁለት! አምስት! ዜሮ!»

«ቀጥሎ?»

«ዜሮ! ዲ!»

ከዚያ ምንም የለም። ስክሪኗ ቆመች።

«ቆሟል!» አልኩ።

ማሽኑን አጥፍቶ ከመጀመሪያው አስነሳው። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዜሮና ዲ ላይ ቆመ። እንደገና። ያው ነው። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልሰማ አልኩ።

«ጓድ ኤፍሬም?»

 ሄጄ ባየው ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀቶቹ ዙሪያውን ተበትነዋል፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይዟል።

«ዲ በማሽኑ ቆጠራ አስራ ሦስት ነው» አለ ቀና ሳይል። «ዛሬ ስንተኛው ወር ነው?»

«ጳጉሜን።»

«አስራ ሦስተኛ። የእኛን አቆጣጠር ከርነሉ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማሽኑ ሲነቃ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ይመልሳል። መጀመሪያ የሠራሁት ለደመወዝ ክፍል ነበር፤ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ለወሮቹ አስራ ሁለት መደብ ሠራሁ፣ በቃኝ። ወደዚህም እንዳለ አመጣሁት። ተሸለምኩበት።» ሳቀ፤ ሳቅ አይባልም እንጂ። «አስራ ሦስተኛዋ እንግዳ ስትመጣ መደብ አጣችና የሰው መደብ ላይ ወጥታ ተኛች። የተኛችበት ደግሞ ከርነሉ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የሚያስታውስበት ቦታ ነው።»

ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ በቂ ነበር። እኔ አልነበርኩም። እሱ ነበር።

ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባንነካውም እንቁጣጣሽ ዕለት ራሱ ይነሳል፣ ታውቂያለሽ? መስከረም አንድ ሲባል ሁሉን ረስቶ ይነሳል። ማንም ምንም አያውቅም።»

«እኔስ?» አልኩት።

ለሰው ጥያቄ መጠየቄን ያወቅሁት ከጠየቅሁ በኋላ ነው።  ተነስቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣና ከግንቡ ሥር ሲጋራ ለኮሰ፤ ዝናቡ አጠፋበት፤ ሌላ ለኮሰ። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ሄዶ አውሮፕላኑን ቢይዝስ? ማን ያምነኛል? ዲ አስራ ሦስት ነው ብዬ ለጓድ ግርማ ላስረዳ? ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ተመላለስኩ። ሽቦው ላይ እንዳልረግጥ ብቻ እጠነቀቃለሁ።

ብስብስ ብሎ ተመለሰና ተርሚናሏ ፊት ተቀመጠ። በዚያችው ሽቦ በኩል ወደ ማሽኑ ቁጥሮች ሰደደ። «ለጊዜው ለጳጉሜንም መደብ እየፈለግሁላት ነው» አለኝ። «ሂጂና ስክሪኑን እዪልኝ።»

ሄድኩ። ነፋሻው ይጮኻል። ጨለማው ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች፤ ከዚያ መስመር፤ ከዚያ ስሙን ጻፈ፤ ከዚያ ቀኑን፤ ሦስት፣ አስራ ሦስት።

«ተነሳ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት አያ ዋሴን ከጎጇቸው አወጣቸው። ጠመንጃቸውን እንኳ አልያዙም።

ወሬው አደባባዩ ድረስ ሄደ መሰለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ጓድ ታፈረና ጓድ ግርማ ከነእርጥብ ካባቸው ገቡ። ጓድ ታፈረ ስክሪኑን ሲያዩ «ተመስገን» ሊሉ ጀምረው ጓድ ግርማን አየት አድርገው ዋጡት።

ጓድ ግርማ አልሳቀም። «መሥራቱ ጥሩ። ያበላሸው ማን ነው? ሪፖርት እጽፋለሁ።» አገጩን ወደ እኔ ቀሰረ። «ውሃው ነው አይደል?»

ሁላችንም ኤፍሬምን አየነው። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። «እንግዲህ...» አለ። «ክፍሉ ውስጥ እርጥበት... አንዳንድ ጊዜ እርጥበት...»

እኔን አላየኝም። ወለሉን ነው የሚያየው።

አንባቢዎቼ፣ ደፋር ሆንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ።  ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ አሻግሬ ስጮህ ውዬ ጉሮሮዬ ተከፍቶ ነበርና ልዘጋው ብልም አልቻልኩም።

«ጳጉሜን ናት!» አልኩ። ለአንድ ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ጮህኩ።

ጓድ ግርማ ዘወር አለ። «ምን?»

«ያቆመችው ጳጉሜን ናት። በአስራ ሁለት ተቆጥሮ አስራ ሦስተኛዋ ቦታ አጣች። እኔ ማሽኑን አልነካሁም። አልነካሁም!»

ከዚህ በላይ አልነበረኝም። የኤፍሬምን ስም አልጠራሁም፤ የራሱ ነገር ነበር።  ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ኤፍሬም ቀና አለ። «እውነቷን ነው። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጳጉሜንን የረሳሁት እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም።»

ጓድ ግርማ ጥርሱን ነከሰ። ይመስለኛል ሊቆጣ ነበር። ያኔ ጓድ ታፈረ፣ ለወትሮው ከእኔ የባሰ ፈሪ የሆኑት ሰውዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጓድ፣ ጳጉሜንን እኛም መቼ ቆጥረናት እናውቃለን? ደመወዝ ከልክለናት አይደል በየዓመቱ በነፃ የምታሠራን?»

በር ላይ የቆሙት አያ ዋሴ ተቀበሏቸው። «ጳጉሜንን ካሰሩልንስ ሸጋ ነበር! ግን በሁለት ሦስት ቀን ታልቃለች፤ ማንን ይጠብቋል?»

ጓድ ግርማ ላለመሳቅ ታገለ። አፉ አሸነፈው። ሲስቅ ሌላ ሰው መሰለ። ከዚያ ፊቱን መለሰና ኤፍሬም ነገ ጠዋት ሠራተኛው ፊት ቆሞ ጥፋቱን በማመን ግለ ሂስ እንዲያደርግ አዘዘ። እኔን «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

ኤፍሬም በማግስቱ ግለ ሂሱን አደረገ። ሽልማቱ እንደተነጠቀና ወደ ሌላ ክፍል እንደተዛወረ በኋላ ሰማሁ። ከመሄዱ በፊት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። «ባትናገሪ ኖሮ እርጥበት ብዬ እጨርሰው ነበር» አለኝ። አልዋሸኝም። ሻይ ቀዳሁለት።

አሁን ያ መንግሥት የለም፤ ጓድ የሚባልም የለም። እኔ ዛሬም ዓይናፋር ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን የማልፍበት ቀን አለ። ሰዎች ከዚያ በኋላ ተለወጥሽ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ የተለወጠው አፌ ሳይሆን ሰው የማይበት ዓይን ነው እላለሁ። ስጠየቅ ዝም ያልኩት ጥፋት ኖሮብኝ አልነበረም። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታዬን ሌላ ነገር ነው ብሎ የገመተ አልነበረም። እናንተም ልጃችሁን፣ ሠራተኛችሁን፣ ተማሪያችሁን አቁማችሁ ስትጠይቁ ቢዘጋባችሁ፣ ቶሎ አትፍረዱ እላለሁ። ደግሞ ከዝምታው ይልቅ ያስፈራኝ የኤፍሬም «እንግዲህ» ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ደግ ሰውም በፍርሃት ቀን እንዲያ ይላል።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ቤት የወርቅ ጉትቻ ጠፋ ተብሎ ሠራተኛይቱን ከበቡዋት። ልጅ እግር ናት። አንዷ «ተናገሪ!»፣ ሌላዋ «የት ደበቅሽው?»፣ ሦስተኛዋ «ፖሊስ ይጠራ!» ይላሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ዝም ብላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

አልፌ ልሄድ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ። ገብቼ ሴቶቹን በረንዳው ላይ እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው፤ በስንት ጭንቅ እንደለመንኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ጉትቻው አልጠየቅኋትም። አብረን ብዙ ዝም አልን። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ እሷ በምትችለው ፍጥነት፣ «አገርሽ የት ነው እህቴ?» አልኳት።



«አይከል» አለች።

ሌላውን ለመስማት ጠጋ አልኩ።